ስለ ቤት እስትንፋስ

ሰው ቤት ሲሠራ አስቀድሞ የሚያስበው ስለ ሦስት ነገር ነው፤ ስለ ዝናም፥ ስለ ሌባና ስለ ብርድ። ጣሪያው እንዳያፈስ፥ በሩ እንዳይሰበር፥ ግድግዳው ነፋስ እንዳያሳልፍ ይጨነቃል። አራተኛውን ነገር፥ ይኸውም በቤቱ ውስጥ የሚተነፍሰውን አየር ግን ከቍጥር አያገባውም። አየር ያለ ዋጋ የሚገኝ፥ ሳይጠሩትም የሚመጣ ነውና ከቶ የሚጐድል አይመስለውም። እኔም በዚህ አሳብ ከተታለሉት አንዱ ነበርሁ። ዛሬ ይህን የምጽፈው ሌላውን ለመገሠጽ ሳይሆን፥ የራሴን ስሕተት ለመናገርና ከስሕተቴ በኋላ የተማርሁትን ለየቤተ ሰቡ ለማካፈል ነው።

ቤቴ በጉለሌ፥ ከእንጦጦ ተራራ ግርጌ ነው። የሰፈራችንን ብርድ ለሚያውቅ ሰው ብዙ ማስረዳት አያሻም። ምድሩ ከባሕር ወለል ከ2,500 ሜትር በላይ ከፍ ያለ ሲሆን የእንጦጦ ራስ 3,200 ሜትር ገደማ ይደርሳል። በኅዳርና በታኅሣሥ ሰማዩ ሲጠራ፥ ቀን በፀሐይ የሞቀው ምድር ሌሊት ሙቀቱን ወደ ሰማይ ይለቃል፤ ቀዝቃዛውም አየር እንደ ውሃ ቍልቍል እየፈሰሰ ወደ እኛ ይወርዳል፤ የሌሊቱም ሙቀት ከ10 ዲግሪ በታች ይሆናል። ቀድሞ የነበርንበት የጭቃ ቤት ከግድግዳው ስንጥቅና ከቆርቆሮው ሥር ነፋስ ያስገባ ስለ ነበር፥ በእነዚህ ወራት ልጆቼን ሳል አይለያቸውም ነበር።

ስለዚህ ከብዙ ዓመት ቍጠባ በኋላ በ2011 ዓ.ም. አሮጌውን ቤት አፍርሼ በብሎኬት አሠራሁ። መስኮቱ አሉሚኒየም፥ ጠርዙም ጎማ የተገጠመለት ሆነ። የመስኮቱን ዳር በሲሊኮን፥ የኮርኒሱን መጋጠሚያ በጀሶ፥ የየበሩን ሥር በስፖንጅ ደፈንሁ። ሥራው ባለቀ ቀን ሻማ አብርቼ በየመስኮቱ ሥር ባስጠጋው ነበልባሉ አልተወዛወዘም። ያን ቀጥ ብሎ የቆመ ነበልባል እንደ ትልቅ ድል ቈጠርሁት።

እናቴ ከመንዝ መጥተው ከእኛ ጋር የሚኖሩ ናቸው። ያደጉበት ቤት ግድግዳው ድንጋይ፥ ክዳኑ ሣር ነበር። እሳቱ ከመካከል ይነዳል፤ ጢሱም በሣሩ መካከል ቀስ እያለ እየተጣራ ይወጣል፤ ከዘመን ብዛት ጣሪያው በጥላሸት ይጠቍራል። ያ ቤት ዓይን የሚያስለቅስ፥ ሳንባም የሚጐዳ ነውና የሚመሰገን አይደለም። ሆኖም አየር ይገባበታል፥ ይወጣበታልም። እናቴ አዲሱን ቤት ዞረው ካዩ በኋላ፥ «መልካም ቤት ነው፥ ልጄ፤ እግዜር ይባርክልህ። ግን ትንፋሽ የለውም» አሉኝ። እኔም፥ «እማዬ፥ እርስዎ ትንፋሽ የሚሉት ብርዱን ነው፤ እርሱን ነው ያባረርነው» ብዬ ሳቅሁ።

የሙያዬን ነገር ብናገር ስሕተቴ ይበልጥ ይገለጣል። ከልጅነቴ በቤተ ክርስቲያን ተምሬ ዲቁና ከተቀበልሁ በኋላ ወደ ዘመናዊ ትምህርት ቤት ገብቼ መምህር ሆንሁ፤ የማስተምረውም ሳይንስ ነው። በየዓመቱ ለስድስተኛ ክፍል ልጆች ሻማ አብርቼ ብርጭቆ እደፋበታለሁ። ነበልባሉ ጥቂት ቈይቶ ይጠፋል፤ ልጆቹም እሳት ያለ ኦክስጅን እንደማይነድ ይማራሉ። በ2012 ዓ.ም. በኅዳር ወር ይህንኑ ሳሳይ አንዲት ተማሪ እጇን አንሥታ፥ «መምህር፥ ሰውስ በብርጭቆው ውስጥ ቢሆን?» ብላ ጠየቀችኝ። «ሰው ብርጭቆ ውስጥ አይገባም» አልኋት፤ ክፍሉም ሳቀ። መልስ የሚገባትን ጥያቄ በቀልድ አለፍሁት።

ፍምም ቢሆን ለእኔ ባዳ አልነበረም። በዲቁናዬ ዘመን ጽና የማቀጣጥል እኔ ነበርሁ። ሌሊት በጠባብ ክፍል ጐንበስ ብዬ ከሰሉን ሳራግብ ራሴን ያመኝ፥ ጕልበቴም ይከዳኝ ነበር። ይህንም የጾምና የመቆም ድካም ነው እያልሁ ወደ ውጭ ስወጣ እረሳው ነበር። ደጅ ስወጣ ለምን እንደሚሻለኝ ግን አንድ ቀን እንኳ አልጠየቅሁም።

በታኅሣሥ ባለቤቴ ሴት ልጅ ወለደች። የአራስ ቤት ወግ ለአንባብያን የታወቀ ነው፤ ገንፎ ይገነፋል፥ ጠያቂ ይመጣል፥ ቡና ይፈላል፥ አራሷም ብርድ እንዳይመታት ሁሉ ይጠነቀቃል። አንድ ማታ ቡናው እስከ በረካ ድረስ ተጠጥቶ እንግዶቹ ከሄዱ በኋላ በማንደጃው ላይ መልካም ፍም ተረፈ። ጢስ አልነበረውም፤ ቀይ ሆኖ ያበራል። እናቴም፥ «ጢሱ አልቆለታል፤ ጨውም ጣል አድርጌበታለሁ፤ አሁን አይጐዳም። ለአራሷ ይሁናት» አሉ። እናቴና ባለቤቴ ከሕፃኗ ጋር በአንድ ክፍል ይተኙ ነበር። ማንደጃውን አንሥቼ ወደዚያ ክፍል ያስገባሁት እኔ ነኝ። በሩን ዘግቼ ስወጣም ስፖንጁን በእግሬ ገፋ አድርጌ የበሩን ሥር ደፈንሁ። ይህች የእግሬ እንቅስቃሴ እስከ ዛሬ ትታየኛለች።

እናቴ ሌሊት ተነሥተው የመጸለይ ልማድ አላቸው። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ አንድ ከባድ ነገር ሲወድቅ ሰምቼ ነቃሁ። የክፍሉን በር ብገፋው እናቴ ከበሩ ኋላ ወድቀው ነበርና አልከፈት አለኝ። በግድ ገብቼ ባይ ክፍሉ ሞቃት ነው፤ ጢስ የለም፥ ሽታ የለም፥ ፍሙም ዐመድ ለብሶ ጸጥ ብሏል። ባለቤቴን ስጠራት ቃሏ እንደ ሰካራም ተኰላተፈ። ሕፃኗን ባነሣት አንገቷ እንደ ጨርቅ ታጠፈ።

እንዴት አድርጌ ሦስቱን ወደ በረንዳው እንዳወጣኋቸው በቅደም ተከተል አላስታውሰውም። የማስታውሰው ያን ሁሉ ወራት የተዋጋሁት የእንጦጦ ነፋስ በፊታቸው ላይ ሲነፍስ ነው። ሕፃኗ ብርዱ ሲነካት ትንሽ ተንፈራገጠች፥ ከዚያም አለቀሰች። ከዚያን ሌሊት ወዲህ የልጅ ልቅሶ አስቈጥቶኝ አያውቅም። ጎረቤታችን በመኪናው ወደ ሐኪም ቤት አደረሰን። ሐኪሙ ገና ሳያስቀምጠን የጠየቀን አንድ ቃል ነበር፤ «ከሰል ነበር?» ኦክስጅን ሰጧቸው፤ በእግዚአብሔር ቸርነት ሦስቱም ዳኑ።

ሐኪሙ በኋላ ያስረዳኝን እንዲህ አድርጌ ላቅርበው። ከሰል በቂ ኦክስጅን ሳያገኝ ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለ ጋዝ ይወጣዋል። ይህ ጋዝ መልክም፥ ሽታም፥ ጣዕምም የለውም። በደማችን ውስጥ ኦክስጅንን የሚሸከመው ሄሞግሎቢን ይህን ጋዝ ከኦክስጅን ይልቅ ከ200 ጊዜ በሚበልጥ ኀይል አጥብቆ ይይዘዋል። ስለዚህ የኦክስጅን ስፍራ ሁሉ በመርዙ ይያዛል፤ ሰውነትም እየተነፈሰ ይታፈናል። የእንጨት ጢስ እየጮኸ የሚመጣ ሌባ ነው፤ ያስላል፥ ያስለቅሳል፥ ከቤት ያስወጣል። ይህኛው ግን ባዶ እግሩን ይገባል። የሚሰማው ራስ ምታት፥ ማቅለሽለሽና ድካም ብቻ ነው፤ ሰውየውም እንቅልፍ የመጣበት መስሎት ይተኛል። ፍሙ ቀይ መሆኑ፥ ጢሱም መጥፋቱ አደጋው ማለፉን አያሳይም። ጨው መጣል አይከለክለውም፤ ለታመመውም ወተት መጋት አያድነውም። መድኀኒቱ ፈጥኖ ወደ ንጹሕ አየር ማውጣትና ወደ ሐኪም ቤት ማድረስ ነው። የአዲስ አበባ የእሳትና አደጋ ሥጋት ሥራ አመራር ኮሚሽን ስለዚህ ነገር በተደጋጋሚ የሚያስጠነቅቀን፥ በብርድ ወራት ፍም ይዘው የተኙ ሰዎች ሳይነቁ እየቀሩ ነው። ነገሩ የእኛ ብቻም አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው እ.ኤ.አ. በ2020 በቤት ውስጥ ከሚነድ ነገር በሚመጣ የአየር መበከል 3.2 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ሞተዋል።

ከሐኪም ቤት በተመለስን ማግስት ስፖንጁን ሁሉ ነቃቅዬ ጣልሁ፤ መስኮቱንም ከፈትሁ። በዚህ ጊዜ ደግሞ ሌላ ችግር መጣ። ቤቱ ሌሊት እንደ ደጅ ቀዘቀዘ። እናቴና ጠያቂዎቻችን፥ «አራስን በነፋስ ልታስመታ ነውን?» እያሉ መስኮቱን ይዘጋሉ፤ እኔ እከፍታለሁ፤ እነርሱ መልሰው ይዘጋሉ። እውነቱን ለመናገር የእነርሱ ፍርሃት ከንቱ አልነበረም፤ ብርድ ሕፃንን ይጐዳል። የእኔም ፍርሃት ከንቱ አልነበረም። ሁለት እውነተኛ ፍርሃቶች በአንድ መስኮት ላይ ተጣሉ። ያን ጊዜ ከሁለቱ አንዱን መምረጥ ግድ የሆነ መሰለኝ፤ ወይ ሙቀት ወይ አየር።

ይህ ጥያቄ ሌሎችን ሕዝቦችም ከእኛ በፊት አስጨንቆ እንደ ነበር ያወቅሁት ሳነብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1858 ማክስ ፎን ፔተንኮፈር የተባለው የሙኒክ ሊቅ፥ ሰው በተዘጋ ክፍል ውስጥ በእስትንፋሱ ብቻ አየሩን እንደሚያበላሽ ለክቶ አሳየ፤ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ከ1,000 እጅ 1 እጅ ካለፈ አየሩ ለመኖሪያ መልካም አይደለም አለ። በ1973 እ.ኤ.አ. የነዳጅ ዋጋ በድንገት ሲወደድ በሰሜን አውሮፓ ያሉ አገሮች፥ ስዊድንን የመሳሰሉት፥ ሙቀት እንዳይባክን ቤታቸውን አጥብቀው ደፈኑ። ማገዶውን ቈጠቡ፤ ነገር ግን በብዙ ቤት ግድግዳው ላበው፥ ሻጋታም በቀለ። አራት ሰዎች ያሉበት ቤተ ሰብ በመተንፈስ፥ በማብሰል፥ በመታጠብና ልብስ በማድረቅ በቀን 10 ሊትር ያህል ውሃ ወደ ቤቱ አየር ይለቃልና፥ መውጫ ያጣ ርጥበት በግድግዳው ላይ ማረፉ አይቀርም። መፍትሔ ያደረጉትም ስንጥቁን መልሶ መክፈት አልነበረም። ቤቱን እንደ ደፈኑት ትተው፥ በልክ የተሠራ መግቢያና መውጫ አበጁለት።

ይህን ሳነብ በልጅነቴ የተማርሁት የኖኅ መርከብ ታሪክ ትዝ አለኝ። ያች መርከብ ከውስጥም ከውጭም በቅጥራን የተለቀለቀች ነበረች፤ ውሃ የሚገባበት አንድ ስንጥቅ አልነበረባትም። መስኮት ግን ነበራት። ይህን ስንት ጊዜ አንብቤ፥ ስንት ጊዜም ለልጆች ተርኬ ነበር!

አሠራሩ እንዲህ ነው። በቤቱ ውስጥ አየር ከሁሉ ይልቅ የሚበላሽባቸው ክፍሎች ማድ ቤቱና መታጠቢያ ቤቱ ናቸው። ከእነዚህ ክፍሎች የሚነሡ ቱቦዎች በኮርኒሱ ላይ አልፈው በአንዲት ትንሽ ማራገቢያ ይገናኛሉ፤ እርስዋም አየሩን እየሳበች ወደ ውጭ ታወጣዋለች። ማራገቢያዋ ሌሊትና ቀን ሳታቋርጥ በዝግታ ትዞራለች፤ ወጥ ሲሠራ ወይም ሰው ሲታጠብ ብቻ ፍጥነቷ ይጨመራል። አየር ከቤት ሲወጣ ሌላ አየር በስፍራው መግባት አለበትና፥ በመኝታ ክፍሎቹና በሳሎኑ ከመስኮቱ በላይ ጣት የማታህል ጠባብ ቀዳዳ ይደረጋል። ቀዳዳው ከፍ ማለቱ በምክንያት ነው፤ የሚገባው ቀዝቃዛ አየር ከላይ ካለው ሞቃት አየር ጋር ተደባልቆ እስኪወርድ ድረስ አልጋ ላይ ያለውን ሰው አይመታውም። የክፍሎቹ በሮች ሥራቸው በአንድ ሳንቲ ሜትር ያህል ከወለሉ ከፍ ይላል። በዚህ መንገድ አየሩ ምንጊዜም ከመኝታ ክፍል ወደ ማድ ቤት ይሄዳል እንጂ፥ የማድ ቤቱ ሽታና ርጥበት ወደ መኝታ አይመለስም።

መጠኑም የታወቀ ነው። በስዊድን ደንብ ለእያንዳንዱ ካሬ ሜትር ወለል በሰከንድ 0.35 ሊትር አየር ይበቃል። እንደ እኔ 60 ካሬ ሜትር ለሆነ ቤት በሰከንድ 21 ሊትር ማለት ነው፤ እንዲህ ከሆነ የቤቱ አየር በሁለት ሰዓት አንድ ጊዜ ያህል ይለወጣል። ይህ ሻማ የማያወዛውዝ፥ ቈዳም የማያውቀው እንቅስቃሴ ነው። መስኮት ሲከፈት የሚገባው ነፋስ ግን አንድ ቀን ከሚገባው በላይ፥ ሌላ ቀን ከሚገባው በታች ነው፤ ሙቀቱንም ጠራርጎ ይሄዳል። የእኔ ማራገቢያ 10 ዋት ትበላለች፤ በወር ሠላሳ ቀን ሙሉ ብትዞር 7 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ነው። የገዛኋትም ለፋሲካ ከምገዛው በግ ባነሰ ዋጋ ነበር፤ አንድ የሰፈራችን የኤሌክትሪክ ሠራተኛ በሁለት ቀን ገጠመልኝ።

እዚህ ላይ አንባብያን እንዳይሳሳቱ አጥብቄ የምናገረው አለ። ማራገቢያዋ የከሰልን መርዝ አታስታግሥም። እርስዋ የተሠራችው ለሰው እስትንፋስ፥ ለርጥበትና ለወጥ እንፋሎት ነው። እንዲያውም አጥብቆ በተዘጋ ቤት ውስጥ የሚስብ ማራገቢያ፥ ጢስ ማውጫ ያለውን ምድጃ ጢስ ወደ ኋላ ስቦ ወደ ቤት ሊመልሰው ይችላል። ስለዚህ በእኛ ቤት የመጀመሪያው ሕግ ፍም ወደ መኝታ ክፍል አይገባም የሚል ሆነ። አራሷን ለማሞቅ በጠርሙስ ሞቅ ያለ ውሃ በጨርቅ ጠቅልለን እግሯ ሥር አደረግን። ቡናው በበረንዳ ይፈላል፤ ዕጣን ሲጤስም መስኮት ይከፈታል። እናቴ ጥቂት ቀን፥ «ቡና በደጅ! ምን ቀረን?» ብለው አዘኑ፤ በኋላ ግን መንገደኛው ሁሉ ሰላም እያላቸው ሲያልፍ በረንዳውን ወደዱት።

ማራገቢያ ለመግዛት የማይመቸው ቤተ ሰብ ብዙ እንደ ሆነ አውቃለሁ። ለእርሱም ቢሆን መንገድ አለ። ማድ ቤት ከመኝታ የተለየ ይሁን። ከማድ ቤቱ ግድግዳ በላይኛው በኩል አንድ መውጫ፥ በተቃራኒው ግድግዳ ዝቅ ብሎ አንድ መግቢያ ይደረግ፤ ሞቃት አየር ወደ ላይ መውጣት ልማዱ ነውና ያለ ኤሌክትሪክም ሥራውን ይሠራል። እንጀራ የሚጋግሩ ምርጥ ምድጃን ቢጠቀሙ በሦስት ጕልቻ ላይ ከሚፈጀው ማገዶ እስከ ግማሽ ይተርፋቸዋል፤ ጢሱም ይቀንሳል። ከ1997 ዓ.ም. አካባቢ ጀምሮ በከተማችን በተሠሩት ኮንዶሚኒየሞች የሚኖሩ ደግሞ፥ ለመጋገሪያ የተሠራላቸውን የጋራ ማድ ቤት ትተው እሳቱን ወደ ፎቅ አያውጡት፤ መስኮት የሌለውን መታጠቢያ ቤትም የአየር መውጫውን በላስቲክ አይድፈኑት።

አሁን ልጄ አድጋለች። እናቴም በብርታት አሉ፤ ዘወትር ማታ ፈትል ይፈትላሉ። ማራገቢያዋ በተገጠመች ሰሞን ድምፅዋ እጅግ ዝቅ ያለ ስለ ሆነ፥ «ይህች ነገር በእውነት ትሠራለች ወይስ ታታልለናለች?» ብለው ይጠራጠሩ ነበር። አንድ ቀን ከባዘቶአቸው ላይ ቈንጠር አድርገው በዘንግ ጫፍ ወደ መውጫው አስጠጉት። ጥጡም ከወንፊቱ ጋር ተጣብቆ ቀረ። ከዚያ ወዲህ ከመተኛታቸው በፊት እንዲህ አድርገው ማየት የዘወትር ሥራቸው ሆነ። ጥጡ ላልቶ ከተያዘ ወንፊቱ ቅባት ይዟል ማለት ነውና፥ «ልጄ፥ ነገ እጠበው» ይሉኛል።

በሰፈራችን መብራት አንዳንድ ማታ ይጠፋል። ባለፈው ኅዳር እንዲሁ ጠፍቶ ሳለ በጨለማ ዳብሼ ወደ መኝታ ክፍሉ ብገባ እናቴ ከእኔ ቀድመው ተነሥተዋል። ጥጡ ከወንፊቱ ወድቆ መሬት ላይ ነበር። ጋቢያቸውን በልጅቱ ላይ ደርበው፥ መስኮቱን አንድ ስንዝር ያህል ከፍተው፥ ከአልጋዋ አጠገብ ቆመው ይጸልዩ ነበር። ከመስኮቱ የሚገባው የእንጦጦ ብርድ እግሬን ነካኝ። መስኮቱንም እንደ ተከፈተ ትቼ ወጣሁ።

ያችን ተማሪዬን ግን መልስ ሳልሰጣት ክፍሉን ጨርሳ ሄደች። ስለዚህ አሁን በየዓመቱ ብርጭቆውን በሻማው ላይ ከደፋሁ በኋላ፥ ማንም ሳይጠይቀኝ የእርስዋን ጥያቄ ለልጆቹ አነሣለሁ፤ ያችንም ሌሊት እነግራቸዋለሁ። ወደ ቤታቸው ሲሄዱም የቤታቸው አየር በየት እንደሚገባና በየት እንደሚወጣ አይተው እንዲመጡ አዝዛቸዋለሁ። እናንተም፥ ክቡራን አንባብያን፥ ዛሬ ማታ ከመተኛታችሁ በፊት ይህንኑ በቤታችሁ ተመልከቱ። ልዑል እግዚአብሔር ቤታችሁን ከብርድም ከክፉም ይጠብቅላችሁ።